ፔጆ 404 በሐረር፦ የፊት እግሩ በግቢ ውስጥ እንዴት ታደሰ

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

ይህ ጽሑፍ በሐረር፣ ከጁገል ግንብ ውጭ በሚገኝ አንድ የመኖሪያ ግቢ ውስጥ የአንድ ፔጆ 404 የፊት እግር (የፊት ጎማዎቹን ከመኪናው አካል ጋር አያይዞ የመንገዱን ምት የሚያበርደው ክፍል) ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ የታደሰበትን ሥራ ይዘግባል። የሰዎቹን ስም አልጠቅስም። በሥራው የተሳተፍነው የመኪናው ባለቤት የሆኑት ጡረተኛ መምህር፣ አንድ ወጣት መካኒክ፣ ዕድሜያቸውን በድሬዳዋ ምድር ባቡር ወርክሾፕ በቶርኖ (የብረት መቅረጫ ማሽን) ላይ ያሳለፉ አንድ አዛውንት፣ እንዲሁም የአውቶ መካኒክ ትምህርት የማስተምረው እኔ ነን።

መመዝገብ ያስፈለገው ጉዳዩ ብርቅ ስለሆነ አይደለም፤ በየጋራዡ ስለሚደጋገም ነው። ደህና ዕቃ ይገዛል፣ ጉልበት ይፈስበታል፣ ከዚያም በአንድ የተሳሳተ የቡሎን አጠባበቅ ልማድ ምክንያት ሥራው በጥቂት ወራት ውስጥ ይበላሻል። ባለመኪናው ዕቃውን ይረግማል፤ መካኒኩም “ኦሪጅናል አይደለም” ይላል። ዕቃው ግን ብዙውን ጊዜ ጥፋት የለበትም።

መኪናው

ፔጆ 404 እ.ኤ.አ. በ1960 ገበያ ላይ የዋለ፣ ቅርጹን የጣሊያኑ የመኪና ንድፍ ድርጅት ፒኒንፋሪና ያወጣለት መኪና ነው። በፈረንሳይ የቤት መኪናው ምርት እ.ኤ.አ. በ1975 ቆመ። በአስቸጋሪ መንገድ ላይ ያለውን ጥንካሬ በምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር አስመስክሯል፤ እ.ኤ.አ. በ1963፣ ከዚያም ከ1966 እስከ 1968 በተከታታይ አሸንፏል። የሐረር ሰው ግን የሚያውቀው ፈረስ መጋላ ላይ ተሰልፎ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ነው። ባጃጅ ከመጣ ወዲህ ቁጥሩ ቢመናመንም ዛሬም ከከተማዋ መልክ አልጠፋም። የዚህኛው መኪና ባለቤት ከአባታቸው የወረሱት ነው። አባትየው በታክሲነት አሠርተውታል፤ ልጃቸው የሚነዱት ለቤተሰብ ጉዳይና አልፎ አልፎ ወደ ድሬዳዋ ለመውረድ ብቻ ነው።

የፊት እግሩ አሠራር ቀላል ነው። በየጎማው በኩል የመኪናውን መዋለል የሚያረጋጋው አሞርዛተርና ሞላው (ጥምዙ ስፕሪንግ) አንድ ላይ ሆነው ቋሚ እግር ይሠራሉ። የእግሩ አናት በወፍራም የጎማ ትራስና በኩሽኔታ (ቤሪንግ) ከመኪናው አካል ጋር ይያያዛል፤ የታችኛው ጫፍ ደግሞ በቴስቲና (ክብ ራስ ባለው ተጣጣፊ መገጣጠሚያ) ከታችኛው ክንድ ጋር ይገናኛል። ክንዱ ወደ ውስጥ በኩል ከተሸካሚው ብረት ጋር የሚታሰረው በጎሚኒ ነው።

ጎሚኒው ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ የጉዳዩ ቁልፍ እዚህ ነው። ጎሚኒ ሦስት አካል አለው፦ የውጭ የብረት ቀለበት፣ መሐል ላይ ጎማ፣ ከውስጥ ደግሞ ቀጭን የብረት ቱቦ። የውጩ ቀለበት ክንዱ ውስጥ ተጨንቆ ይገባል። የውስጡን ቱቦ ቡሎኑ ግራና ቀኝ ግጥም አድርጎ ይይዘዋል። ክንዱ ሲወጣና ሲወርድ ብረት በብረት ላይ አይንሸራተትም፤ የሚጠመዘዘው ጎማው ብቻ ነው። ስለዚህ ግሪስ አይፈልግም፤ እንዲያውም ዘይትና ግሪስ ጠላቱ ናቸው።

ችግሩ

መኪናው በጁገል የድንጋይ ንጣፍ ላይ በዝግታ ሲሄድ ከግራ የፊት ጎማ በኩል ብረት የሚመታ የሚመስል ድምፅ ያሰማ ነበር። ፍሬን ሲያዝ አንድ ጠንካራ ምት ይሰማል፤ መሪው ወደ ግራ ይስባል። የግራው ጎማ የውስጥ ጠርዝ ከሌላው ቀድሞ ይበላል። ከፊት ቆሞ ለሚያየው ሰው ደግሞ የመኪናው ግራ ትከሻ ከቀኙ በትንሹ ከፍ ይላል።

ከእኛ በፊት ብዙ ተሞክሯል። አንድ ጋራዥ አሞርዛተሮቹን ቀየረ። ሌላው ቴስቲናውን ቀየረ። ሌላው ደግሞ ጎሚኒዎቹን ቀይሮ ድምፁን ለጥቂት ሳምንታት አጠፋው፤ ድምፁ ግን ተመለሰ። ባለቤቱ ሦስተኛውን ጥገና “ትክክለኛውን ቦታ ነክቶ ሳይሆን አይቀርም” ብለው ነበር የጠረጠሩት። ጥርጣሬያቸው እውነት ሆኖ ተገኘ። መምህር ስለሆኑ የእያንዳንዱን ጥገና ቀንና የተቀየረውን ዕቃ በደብተር ጽፈው ይዘዋል፤ ይህ ደብተር ከማንኛውም መሣሪያ በላይ ጠቀመን።

ምርመራው

ብዙ መካኒክ የፊት እግርን የሚመረምረው መኪናውን በክሪክ አንሥቶ ጎማውን በመወዝወዝ ነው። ይህ ለኩሽኔታና ለአንዳንድ ቴስቲና ያገለግላል። ለጎሚኒ ግን አያገለግልም፤ ጎማው አየር ላይ ሲንጠለጠል በክንዱ ላይ ያለው ጭነት ይለወጣልና ጥፋቱ ይደበቃል።

ስለዚህ መኪናው በራሱ ክብደት መሬት ላይ እንደቆመ መረመርነው። ባለቤቱ የቀለም ማጥፊያ አመጡ፤ ተማሪ በደብተር ላይ የተሳሳተውን የሚያጠፋበት ነጩ ፈሳሽ። በእያንዳንዱ ጎሚኒ ላይ ከቡሎኑ ራስ ጀምሮ በውስጡ ቱቦና በጎማው ላይ አልፎ እስከ ክንዱ የሚደርስ አንድ ቀጭን ነጭ መስመር አሰመርን። መካኒኩ መኪናውን ወደፊትና ወደኋላ እያንቀሳቀሰ በየመሐሉ ፍሬን ያዘ። ወርደን ስናይ በቀኝ በኩል መስመሩ ቀጥ ብሎ አለ። በግራ በኩል፣ በኋለኛው ጎሚኒ ላይ፣ መስመሩ ጎማው ጋ ሲደርስ ተቆርጦ ሌላው ግማሽ በጣት ስፋት ያህል ተንሸራቷል። ጎማው ከውስጡ ቱቦ ተላቅቋል ማለት ነው። ክንዱ ልቅ ሆኖ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ወደኋላ ሄዶ ብረቱን ይመታል። ክንዱ ወደ ውጭ ሲገፋ ደግሞ የመኪናው የግራ ጎማ አናት ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ የውስጡ ጠርዝ የሚበላውም ለዚህ ነው።

ይህ ዘዴ ምንም አያስወጣም፤ ጥርጣሬውንም በዓይን ወደሚታይ ማስረጃ ይለውጠዋል። ለተማሪዎቼ ከዚያ ወዲህ ከሌላው ሁሉ አስቀድሜ የማሳየው እሱን ነው።

ከመፍታት በፊት

ግቢው ተዳፋት ስለነበረ መጀመሪያ ደልዳላ ቦታ መፈለግ ነበረብን። ግንበኞች የሚጠቀሙበትን ውሃ የተሞላ ግልጽ ቱቦ ተጠቅመን አራቱም ጎማዎች በአንድ ልክ እንዲያርፉ ዝቅ ባለው በኩል ጣውላ አነጠፍን። ከዚያ ከጎማው መሐል ቀጥታ ወደ ላይ እስከ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው የአካል ሽፋን) ጠርዝ ያለውን ርቀት በግራም በቀኝም ለካን። ይህ ቁጥር በኋላ ወሳኝ ሆነ።

መኪናው ከፍ ብሎ የሚቆምበትን ድጋፍ በተመለከተ ትንሽ ክርክር ነበር። ግቢው ውስጥ የተከመረ ብሎኬት ስለነበር መካኒኩ እሱን ሊጠቀም ፈለገ። ይህን በፍጹም አልፈቀድኩም። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ በአንድ ነጥብ ላይ ሲጫኑት ምንም ምልክት ሳይሰጥ ይፈረካከሳል፤ ከሥር ሰው ካለ ሕይወት ያጠፋል። በምትኩ ወፍራም የግንድ ጉማጆችን በመስቀለኛ ደራርበን መኪናውን አሳረፍንበት፤ ክሪኩንም እንደ ተጨማሪ ጥንቃቄ ሳናነሣው ተውነው። የተፈቱትን ጎማዎች ደግሞ ከአካሉ ሥር አስተኛናቸው።

ሞላውን ማውጣት

የታመቀ ሞላ ቀልድ አያውቅም። አናቱ ላይ ያለው ዳዶ (የቡሎን ማሰሪያ) ሞላው ሳይጨመቅ ከተፈታ ዕቃው እንደ ጥይት ይወነጨፋል። በአንዳንድ ቦታ ሞላውን በወፍራም ሽቦ ጠፍሮ መፍታት የተለመደ ነው። ወጣቱ መካኒክም ያን ሲያደርግ ያደገ ነው፤ አደጋ ደርሶበት አያውቅም። ይህ ግን ዘዴው ደኅና መሆኑን አያሳይም፤ ሽቦው እስከዛሬ አለመበጠሱን ብቻ ነው የሚያሳየው።

አዛውንቱን ከፌሮ ብረት ጥርስ አውጥተው መጨመቂያ እንዲሠሩልን ጠየቅናቸው። “ልጄ፣ ለግንባታ የተሠራ ብረት ለዚህ አይሆንም፤ እኔ እጄን አላስገባም” ብለው መለሱን። ልክ ነበሩ። ከድሬዳዋ አንድ ጋራዥ የሞላ መጨመቂያ ተውሰን፣ እግሩን ሙሉውን አውርደን፣ ሞርሳ (ዕቃ አጥብቆ የሚይዝ መሣሪያ) ላይ አስረን፣ ሁለቱን መንጠቆዎች ትይዩ አድርገን በየተራ ጥቂት በጥቂት አጠበቅን። ሥራው የወሰደው ግማሽ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ሁለቱ ሞላዎች ወለል ላይ ጎን ለጎን ቆመው ሲለኩ ቁመታቸው እኩል ሆነ፤ ስለዚህ የመኪናው ትከሻ የተዛባው በሞላ ምክንያት እንዳልሆነ አወቅን።

አሞርዛተሮቹን በተመለከተ ብዙ የሚባል የለም። የግራው ዘንግ ክሮሙ ተበልቶ ዘይት ያፈስስ ነበር፤ ከአንድ የማይንቀሳቀስ 404 የተወሰደ ደህና ዘንግ ተተካ። የአናት ኩሽኔታዎቹ በነጭ ጋዝ ታጥበው ግሪስ ተቀቡ።

ቴስቲናዎቹን ማላቀቅ ግን ትዕግሥት ጠየቀ። የቴስቲና ዘንግ ሾጣጣ ሆኖ ጉድጓዱ ውስጥ ይጨነቃል። ጥርሱን በመዶሻ መምታት ጥርሱን ያበላሻል እንጂ አያላቅቅም። ትክክለኛው መንገድ ዳዶውን በጥርሱ ጫፍ ላይ ትቶ፣ ጉድጓዱ ያለበትን ብረት ከአንድ ጎን በከባድ መዶሻ ደግፎ፣ ከሌላው ጎን በሌላ መዶሻ መምታት ነው። ብረቱ ለቅጽበት ቅርጹን ሲለውጥ ሾጣጣው ራሱ ይለቃል።

የወጣው ጎሚኒ የነገረን

የድሮዎቹን ጎሚኒዎች በእሳት አቃጥሎ ማውጣት ይቻላል፤ ነገር ግን ጭሱ መርዛማ ነው፣ ማስረጃውም አብሮ ይቃጠላል። እኛ በረጅም ቡሎን፣ በወፍራም ሮንዴላና በቧንቧ ቁራጭ ጎትተን አወጣናቸው።

የተበላሸው ጎሚኒ አዲስ ነበር ማለት ይቻላል። ጎማው አልደረቀም፣ አልተሰነጠቀምም። የተቀደደው ዙሪያውን፣ በአንድ አቅጣጫ፣ እንደተጠመዘዘ እርጥብ ጨርቅ ነበር። ከእርጅና የሚመጣ ቅዳድ እንዲህ አይደለም። አዛውንቱ ባለቤቱ ያስቀመጡትን የፈረንሳይኛ የጥገና መጽሐፍ ቅጂ ይዘው ተቀመጡ። ምድር ባቡር ለረጅም ዘመን በፈረንሳይኛ ሲሠራ የኖረ መሥሪያ ቤት ስለነበር ቋንቋውን በሥራ ላይ ተምረውታል። የክንዱ ቡሎኖች መኪናው በጎማው ላይ ቆሞ እንዲጠብቁ የሚያዘውን ክፍል አግኝተው ተርጉመው አነበቡልን። ግቢው ለአፍታ ጸጥ አለ፤ ከዚያ መካኒኩ “እኛ ሁልጊዜ መኪናው ተነሥቶ ሳለ ነው የምናጠብቀው” አለ።

ነገሩ በሒሳብ ሲታይ ግልጽ ነው። ለምሳሌ ክንዱ 35 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ቢኖረውና መኪናው ሲነሣ የክንዱ ጫፍ 10 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ፣ ክንዱ ወደ 17 ዲግሪ ይዞራል። ቡሎኑ በዚያ ቦታ ላይ ከጠበቀ ጎማው “ዕረፍቴ ይህ ነው” ብሎ ይይዛል። መኪናው መሬት ላይ ሲቆም ያንን 17 ዲግሪ ሁልጊዜ፣ ቆሞ ሳለ እንኳ፣ ተጠምዝዞ ይኖራል። ጉድጓድ ሲገባ ደግሞ ተጨማሪ ይጠመዘዛል፤ ከዚያ ይቀደዳል። እስኪቀደድ ድረስም እንደ ተጨማሪ ሞላ ሆኖ መኪናውን ወደ ላይ ይገፋል። የግራ ትከሻው ከፍ ያለው ጎሚኒዎቹ በዚህ ዓይነት ስለታሰሩ ነው።

ያልተሳካው ሙከራ

ለ404 የሚሆን ጎሚኒ በሐረርም በድሬዳዋም አላገኘንም። የድሬዳዋውን ታይዋን ገበያ ጨምሮ የሚጠየቅበት ቦታ ሁሉ ተጠየቀ። መካኒኩ ከቴፍሎን ይቀረጽ አለ፤ በብዙ ቦታ የሚደረግ ነው። አዛውንቱ በጣም ጥሩ አድርገው ቀረጹት፤ ልኩ ቅንጣት አይዛነፍም ነበር። መኪናው ለጊዜው ጸጥ አለ። ሁላችንም ተደሰትን።

ብዙ አልቆየም። ቀስ እያለ የሚያቃስት ድምፅ መጣ፤ ከዚያም እያንዳንዷ ጠጠር በመሪው ላይ መሰማት ጀመረች። ምክንያቱ የአዛውንቱ ሥራ ጉድለት አይደለም። ቴፍሎን ዙሪያውን መሽከርከር እንጂ ወደ ጎን መስጠት አይችልም። የዚህ መኪና ክንድ ደግሞ ሲወጣና ሲወርድ በአንድ መስመር ብቻ አይዞርም፤ ፍሬን ሲያዝ ጥቂት ወደኋላ፣ መታጠፊያ ላይ ጥቂት ወደ ጎን እንዲሰጥ ታስቦ የተሠራ ነው። ያን መስጠት የሚችለው ጎማ ብቻ ነው። በጠንካራ ነገር ሲተካ ምቱ በቀጥታ ወደ ተሸካሚው ብረትና ወደ ቡሎኖቹ ጉድጓድ ይሄዳል። ጎሚኒ በብር ይገዛል፤ የተበላ የቡሎን ጉድጓድ ግን ብየዳና ብዙ ጣጣ ነው። ስለዚህ ሳይመሽብን አወጣነው።

የሠራው መፍትሔ

አዛውንቱ አንድ ሐሳብ አመጡ። የጎሚኒ ልክ ሦስት ነው፦ የቡሎኑ ውፍረት፣ የውስጡ ቱቦ ርዝመት እና የውጩ ዲያሜትር። የመጀመሪያዎቹ ሁለት የሚገጥሙበት ጎሚኒ ከሌላ መኪና ከተገኘ ሦስተኛውን ቶርኖ ያስተካክለዋል። ካሊፐር ይዘን የሚኒባስ መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሄድን። ሻጩ መደርደሪያውን ሁሉ አውርዶ እንድንለካ ፈቀደልን፤ ለዚህ ትዕግሥቱ ምስጋና ይገባዋል። ሁለቱ ልኮች የሚገጥሙለት፣ ውጩ ግን ቀጠን ያለ አንድ ዓይነት ተገኘ። አዛውንቱ ልዩነቱን የሚሞላ የብረት ቀለበት ቀረጹለት። ቀለበቱ ከክንዱ ጉድጓድ በሚሊ ሜትር መቶኛዎች ብቻ እንዲበልጥ አደረጉት፤ በእጅ የሚገባ ከሆነ ልቅ ነው፣ በጣም ከበዛም ጎማውን ይጨቁነዋል።

የውስጡን ቱቦ ርዝመት ማንም እንዲነካው አልፈቀዱም። ቡሎኑ የሚይዘው እሱን ስለሆነ ካጠረ ጎማው ከጎን ይጨፈለቃል፣ ከረዘመ አይገባም። ሲጨመቅ ለማንሸራተት የተጠቀምነው የሳሙና ውሃ ነው፤ ይደርቃል፣ ጎማውንም አይጎዳም።

ከዚያ ሁሉም ነገር ተገጥሞ የክንዱ ቡሎኖች ግን በእጅ ብቻ ተያዙ። መኪናው በጎማው ላይ ወረደ፣ በውሃ ልክ ወደተስተካከለው ጣውላ ተመለሰ፣ ከፊት ተጭኖ ተለቀቀ፣ ትንሽ ወደፊትና ወደኋላ ተነዳ። የማጥበቂያው ቦታ ይህ ነው። ከሥሩ መግባት ጠባብ ስለነበር የፊት ጎማዎቹም የኋላዎቹም እኩል ውፍረት ባለው ወፍራም ጣውላ ላይ እንዲወጡ አድርገን፣ የኋላ ጎማዎቹን በታኮ አግደን አጠበቅን። ርቀቱ ሲለካ የግራና የቀኝ ትከሻ ልዩነት ጠፍቶ ነበር።

የጎማዎቹን አቅጣጫ ያስተካከልነው በጠመኔና በሜትር ነው። በእያንዳንዱ የፊት ጎማ መሐል በጠመኔ ምልክት ተደርጎ ርቀቱ ከፊት ተለካ፤ መኪናው ጎማው ግማሽ ዙር እስኪዞር ተገፍቶ ያው ምልክት ከኋላ ተለካ። አንዱን ምልክት ሁለት ቦታ መለካቱ የተጣመመ ቸርኬ (ጎማው የሚታሰርበት ብረት) የሚያመጣውን ስሕተት ያስቀራል። የፊቱ ርቀት ከኋላው ጥቂት ሚሊ ሜትር እንዲያንስ አድርገን፣ በኋላ ድሬዳዋ በመሣሪያ አስመረመርነው።

ሙከራው በደንገጎ

ሐረር ወደ 1,900 ሜትር ገደማ፣ ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። በአወዳይና በሐሮማያ አልፎ ከደንገጎ የሚወርደው ጠመዝማዛ መንገድ ለፊት እግር የተሻለ ፈተና የለውም። በመውረድ ምቱ ጠፋ፤ መታጠፊያው ላይም መኪናው ተረጋግቶ ያዘ። አንድ ነገር ግን አልተለወጠም፦ ፍሬን ሲያዝ አሁንም ወደ ግራ ይስባል።

መካኒኩ ተስፋ ቆርጦ እንደገና እንፍታ አለ። እኔ ግን የፊት እግሩን ሥራ እንዳይነካ ለመንሁት፤ ነጩ መስመር ቀጥ ብሎ ነበርና። ድሬዳዋ ደርሰን ፍሬኑን ስንመረምር የቀኙ የፍሬን ላስቲክ ቱቦ ውስጡ አብጦ ዘይቱን ያዘገይ ነበር። የቀኙ ዘግይቶ ሲይዝ መኪናው ወደ ግራ ይዞራል። ቱቦዎቹ በሁለቱም በኩል ተቀየሩ፤ መሳቡም ቆመ። ድምፁና መሳቡ አብረው ስለመጡ ሁሉም ሰው፣ የቀድሞዎቹ ጋራዦችም ጭምር፣ አንድ ጥፋት አድርጎ ነበር ያያቸው።

ለሌላ መኪና የሚተርፈው

ከዚህ ሥራ ለማንኛውም መኪና የሚሆን ብዙ ነገር አለ። ጎሚኒ ያለበት ክንድ ሁሉ፣ ፔጆ ይሁን ቪትዝ ወይም ሚኒባስ፣ በራሱ ክብደት ቆሞ መጥበቅ አለበት፤ ይህ ለባለጋራዡ አሥር ደቂቃ ቢጨምርበት ለባለመኪናው የዓመታት ዕድሜ ይጨምርለታል። የተበላሸ ዕቃ ከመጣሉ በፊት ቅዳዱ ይታይ፤ የተጠመዘዘ ቅዳድ የአገጣጠም ጥፋት ነው፣ የደረቀና የተሰነጠቀ የዕድሜ ነው፣ ያበጠና የላመ ደግሞ የዘይት ነው። ጎማን በጠንካራ ነገር መተካት የሚቻለው ክንዱ በአንድ መስመር ብቻ የሚዞር ሲሆን ነው፤ ያም ቢሆን ምቾት ይቀንሳል።

የድሮ የምድር ባቡር የቶርኖ ባለሙያዎች እጅ ላይ ያለውን ዕውቀት በሚመለከት ደግሞ ከልቤ የምለው አለኝ። ድሬዳዋ እንዲህ ያሉ ሰዎች ነበሯት፣ ዛሬም ጥቂት አሏት፤ የመኪና መለዋወጫ ጠፋ ተብሎ መኪና ከመጣሉ በፊት እነሱ ዘንድ ይሂዱ። ወጣት መካኒኮችን ወስዶ አጠገባቸው ማስቀመጥ የኛ የአስተማሪዎች ሥራ ነው።

የአናቱ የጎማ ትራስ ጉዳይ ገና መፍትሔ አላገኘም። የተገኘው ካገለገለ መኪና የወጣ ስለሆነ ጎማው መድረቅ ጀምሯል። አዛውንቱ የትራሱን ልክ ወስደው የብረት ቅርጽ እየቀረጹ ናቸው፤ ቅርጹ ሲያልቅ ድሬዳዋ ውስጥ ጎማ የሚያድስ ሰው ጎማውን በሙቀት ሊያበስልበት ተስማምቷል። እስከዚያው ባለቤቱ መኪናው በተነዳ ቁጥር ኮፈኑን ከፍተው ትራሱን እንዲያዩ፣ የክንዱ ቡሎኖችም እንደገና እንዲፈተሹ ተስማምተናል፤ ሁለቱንም በዚያው ደብተር ላይ ጽፈውታል።